ሳይጠሩት አቤት የሚል ካሜራ

እህቴ ወንበሯን ወደ እኔ ዞር አድርጋ ሁለት እጆቿን ከፍ አደረገችና የማይታይ የብስክሌት መሪ ጨበጠች። አባታችን ብስክሌት ያስተማራትን ቀን እየነገረችኝ ነበር፤ እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም። በዚያው ቅጽበት ከጎኗ ባለው ስክሪን ላይ ቀኑን ሙሉ ስታርመው የዋለችው ጽሑፍ ተለጠጠ፣ ተለጠጠና አንዲት ፊደል ስክሪኑን ሞላችው። ምን እንደ ሆነ ሳይገባን ገጹ ወደ ታች ተምዘገዘገ። እጆቿን ቶሎ አወረደች። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፤ ቀኝ እጇን ብብቷ ስር ሸሸገችው፣ በግራዋ ላይ ደግሞ ተቀመጠችበት። እንዲያ ሆና ታሪኩን ልትቀጥል ሞከረች። ድምፅዋ ፍዝዝ አለ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ሄዳ ቆመችና «ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ፣ ወንድም ዓለም» አለችኝ።

እጅን በካሜራ እያየ እንቅስቃሴውን ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚያደርገውን ያን ፕሮግራም የሠራሁላት እኔ ነኝ። ለሦስት ወራት ምሽቶቼንና የዕረፍት ቀኖቼን ሰጥቼበታለሁ። ዓላማዬ የታመመ እጇን ከማውስ ማላቀቅ ነበር፤ ያን ምሽት ያየሁት ግን በገዛ ክፍሏ ውስጥ እጆቿን የደበቀች ሴት ነው። ፕሮግራሙ አልተበላሸም። እንዲያውም እንደዚያ ምሽት ልክ ሆኖ የሠራበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ሁለት የተጨበጡ እጆች አየ፣ እጆቹ ሲራራቁ አየ፣ «አጉላ» የሚለውን ትእዛዝ ፈጸመ። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። የኮድ ስሕተት ቢሆን ኖሮ አርሜው እተኛ ነበር።

ማውስ መጨበጥ ያቃታት እጅ

እትዬ አርታኢ ናት። የሰው ድርሰት ተቀብላ ቃል በቃል ታነባለች፤ በቀን ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። ከጊዜ በኋላ የቀኝ እጇ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና መሃል ጣቷ ሌሊት እየለበለቧት ትነቃለች። ሐኪሙ በእጅ አንጓዋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ እንደ ተጨቆነ ነገራት፤ መጨበጥንና ደጋግሞ መጫንን እንድትቀንስም መከራት። ማውስ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም፤ ይጨበጣል፣ ይጫናል። ወደ ግራ እጇ አዛወረችው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግራዋም ያማት ጀመር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ጣት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁለታችንም በቅጡ ያሰብነው እትዬ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ባቃታት ቀን ነው።

ለዚህ ሥራ ሊያገለግሉ የሚችሉ ልዩ መሣሪያዎች በገበያ ላይ መጥተው አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማይክሮሶፍት ርቀትን የሚለካ ካሜራ ያለውን ኪኔክትን ለጨዋታ መሣሪያው አወጣ። በ2013 ደግሞ ሁለት የኢንፍራሬድ ካሜራዎች ያሉት፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሊፕ ሞሽን የሚባል መሣሪያ በ80 ዶላር ገደማ መሸጥ ጀመረ። ሁለቱንም አደንቃቸዋለሁ። እኔ የፈለግሁት ግን ኮምፒውተሯ ላይ ቀድሞ የነበረውን ተራ ካሜራ ብቻ መጠቀም ነው። ልዩ መሣሪያ አምራቹ የተወው ዕለት ተጠቃሚውም አብሮ ይወድቃል፤ ተራ ካሜራ በሌላ ተራ ካሜራ ይተካል። በቦስተን ኮሌጅ ማርግሪት ቤትኪና ጄምስ ጊፕስ የሠሩት «ካሜራ ማውስ» ለዚህ ምስክሬ ነው። እጃቸውን ማዘዝ የማይችሉ ሰዎች ጭንቅላታቸውን በማንቀሳቀስ ብቻ ጠቋሚውን ይመሩበታል። የሚጠይቀው ተራ ካሜራ ነው፤ ፕሮግራሙም በነፃ ታድሏል። ርካሽነትን ብዙ ሰው የጥራት ጉድለት አድርጎ ያየዋል። ለእኔ ግን መሣሪያው ለታመመ ሰው ሁሉ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው እርሱ ነው።

የእኛን እጅ ያላየ ደንብ

መጀመሪያ የሞከርኩት ለጀማሪዎች ሁሉ የሚሰጠውን ዘዴ፣ እጅን በቀለሙ መለየትን ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች፣ እያንዳንዱን ፒክስል ይመለከትና የቆዳ ቀለም መሆን አለመሆኑን ይወስናል። በብዛት ከሚገለበጡት ደንቦች አንዱ ከ0 እስከ 255 በሚሄደው መለኪያ የቀዩ መጠን ከ95፣ የአረንጓዴው ከ40፣ የሰማያዊው ከ20 መብለጥ አለበት ይላል። ጻፍኩት፣ አስነሣሁት፣ እጄን ካሜራው ፊት ዘረጋሁ። እጄ ባለበት ቦታ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከኋላዬ ያለው የእንጨት በር ግን ነጭ ሆኖ ቦግ አለ። ለዚያ ደንብ በሩ እጅ ነበር፤ እጄ ግን የለም።

የእጄን ፒክስሎች አንድ በአንድ ከፍቼ ቁጥራቸውን አነበብኩ። በምሽት መብራት የእጄ ጀርባ ቀይ መጠን ሰባዎቹ ውስጥ ነበር፤ በጣቶቼ መካከል ባለው ጥላ ደግሞ ሃምሳም አይሞላም። ደንቡን ዝቅ ሳደርገው እጄ ብቅ አለ፤ ከእጄ ጋር ግን መጋረጃውም፣ ወንበሩም፣ የግድግዳው ጥላም ተከትለውት መጡ። ያ ደንብ የተቀመረው ለደማቅ የቀን ብርሃን ነው። የእኔን ዓይነት ቆዳ በምሽት መብራት ስር ያሰበው አይመስልም። ጆይ ቡላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 ባሳተሙት ጥናት የፊት ምስል አይተው ጾታ የሚለዩ ፕሮግራሞችን ፈትነው ነበር፤ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ቀላ ባሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ቁጥሩን ቀድሞም አውቀው ነበር። እጅን ዘርግቶ ባዶ ስክሪን ፊት መቆም ምን እንደሚመስል ግን ያን ምሽት አወቅሁ፤ ለእህቴ የምሠራው ነገር በዚህ ደንብ ላይ እንደማይቆምም ወዲያው ወሰንኩ።

ሃያ አንድ ነጥቦች

ቀለምን ትቼ ሚዲያፓይፕ ወደሚባለው የጉግል ፕሮግራም ዞርኩ። ጉግል በ2019 የእጅ መከታተያውን በነፃ ከለቀቀው ወዲህ ለዚህ ሥራ ልዩ ካሜራ የግድ መሆኑ ቀርቷል። አሠራሩ ብልኃት አለበት፤ መጀመሪያ የሚፈልገው ጣቶችን ሳይሆን መዳፍን ነው። ጣት ይታጠፋል፣ ይደበቃል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ መዳፍ ግን ቅርጹን እምብዛም አይለውጥም። መዳፉን ካገኘ በኋላ ያንን ቦታ ብቻ ቆርጦ 21 ነጥቦችን ያስቀምጣል። 0 የእጅ አንጓ ነው፣ 4 የአውራ ጣት ጫፍ፣ 8 የሌባ ጣት ጫፍ፣ እንዲህ እያለ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ፣ እስከ 20 ይደርሳል። በሚቀጥለው ፍሬም (ካሜራው በሚሰጠው ቀጣይ ነጠላ ምስል) መዳፉን እንደ አዲስ አይፈልግም፤ ነጥቦቹ ከነበሩበት ይነሣል። በተራ ኮምፒውተር ላይ ሳይንገዳገድ የሚሄደው ለዚህ ነው። የሠለጠነውም ሰዎች ነጥብ በነጥብ ምልክት ባደረጉባቸው 30 ሺህ ያህል እውነተኛ ምስሎችና በኮምፒውተር በተሣሉ እጆች ነው።

የእኔን እጅ አገኘው። የእትዬንም እጅ አገኘው። መብራቱን ቀንሼ ሞከርኩ፤ አሁንም አገኘው። ሃያ አንዱ ነጥቦች የእጇን ምስል ተከትለው በስክሪኑ ላይ ሲሄዱ ሁለታችንም ዝም ብለን አየን። አንዱ ነጥብ የታመመው አንጓዋ ላይ ሲያርፍ «ይኸው፣ ያመመኝን ቦታ እንኳን ያውቀዋል» አለች። ያን ጊዜ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከማየት እስከ ማዘዝ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ካሜራው በሴኮንድ 30 ፍሬም ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ምስል 640 በ480 ፒክስል ነው። እጇ ሳይለጠጥ በምቾት የሚመላለስበት ቦታ የምስሉን ግማሽ ስፋት፣ 320 ፒክስል ያህል ይይዛል። ስክሪኗ ደግሞ ወደ ጎን 1920 ፒክስል አለው። ሲካፈል በካሜራው ምስል ላይ አንድ ፒክስል የሆነ እንቅስቃሴ በስክሪኑ ላይ ስድስት ይሆናል ማለት ነው። ፕሮግራሙ የጣቷን ቦታ ሲገምት በሁለት ፒክስል ወዲያና ወዲህ ቢል ጠቋሚው 12 ፒክስል ይዘላል። ነጠላ ሰረዙን ትታ ድርብ ሰረዙ ላይ ማረፍ የዕለት ሥራዋ ለሆነ ሰው ይህ የማይሆን ነገር ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት መፍትሔ ያለፉትን አሥር ፍሬሞች ደምሮ አማካዩን መውሰድ ነበር። መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ጠቋሚው ግን ከእጇ ኋላ የሚጎተት ሆነ። አሥር ፍሬም ሲሶ ሴኮንድ ነውና። ዓይን ይህን መዘግየት ወዲያው ይይዘዋል፤ እትዬ እጇን ወስዳ አቁማ ጠቋሚው እስኪደርስ ትጠብቅ ነበር። ያዳነኝ ጌሪ ካሲዬ፣ ኒኮላ ሩሴልና ዳንኤል ቮጌል በ2012 ያቀረቡት «የአንድ ዩሮ ማጣሪያ» ነው። ሐሳቡ ከሰው ዓይን ባሕርይ የተነሣ ነው። እጅ ሲያዘግም የሚረብሸን መንቀጥቀጡ ነው፤ ሲፈጥን ደግሞ መዘግየቱ። ስለዚህ ማጣሪያው እጅ ሲያዘግም ጠበቅ ይላል፣ ሲፈጥን ላላ ይላል። የሚስተካከሉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ሁለት ምሽት ከእትዬ ጋር ተቀምጠን በእጇ ልክ አስተካከልናቸው።

ለመጫን የመረጥኩት ምልክት አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ማነካካት ነው። ኃይል አይጠይቅም፣ አንጓን አያጣምም። በጣቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በመዳፏ ርዝመት አካፈልኩት፤ ወደ ካሜራው ስትጠጋም ስትርቅም ልኩ እንዳይዛባ። ሆኖም ጠቋሚው የሚከተለው የሌባ ጣቷን ጫፍ ነበር። ለመጫን ጣቷን ስታጥፍ ጫፉ ይወርዳል፣ ጠቋሚውም ካነጣጠረችበት ይንሸራተታል። «አስቀምጥ» ላይ አነጣጥራ ከጎኑ ያለውን ትጫናለች። ለሳምንት ያህል ጥፋቱ የእርሷ መስሏት ጣቷን ቀስ አድርጋ ለማጠፍ ስትታገል ነበር፤ ይህን ዘግይታ ስትነግረኝ በጣም አዘንኩ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። አያያዜን ቀየርኩ፤ ጠቋሚውን ከጣቷ ጫፍ አውርጄ ጣቱ ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበት አንጓ ላይ፣ ቁጥር 5 ላይ አሠርኩት። ያ አንጓ ጣት ሲታጠፍ እምብዛም አይነቃነቅም። መንሸራተቱ በዚያው ቀረ።

ቀጥሎ ትከሻዋ መጣ። እጅን አየር ላይ አንጠልጥሎ መሥራት በሩብ ሰዓት ያደክማል፤ የንክኪ ስክሪኖች ገና ብቅ ባሉበት በ1980ዎቹ ይህን ድካም የታዘቡ ሰዎች «የጎሪላ ክንድ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ክርኗ የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳረፈ እንድትሠራ የእጅ መመላለሻውን ቦታ ዝቅና ጠበብ አደረግሁት። ይህም ከሞላ ጎደል ተሳካ። ያ ምሽት የመጣው እንግዲህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ባልኩበት ሰሞን ነው።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

በማግስቱ የመጀመሪያ ሐሳቤ ፕሮግራሙን ይበልጥ አዋቂ ማድረግ ነበር። ፊቷ ወደ ስክሪኑ ካልዞረ የእጇን እንቅስቃሴ እንዲተው አደረግሁት። ለብስክሌቱ ታሪክ ይህ ይበቃ ነበር። ለቀሩት ሰዓታት ግን አልበቃም። በፈቃዷ አንድ ሙሉ ሰዓት ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥኩና ስክሪኑን ትቼ እጇን ብቻ ተመለከትኩ። አገጯን ትደግፋለች። ቅንድቧን ታሻሻለች። ፀጉሯን ከግንባሯ ትመልሳለች። እጇ ለኮምፒውተሩ ከሚናገረው ይልቅ ለራሷ የሚናገረው ይበዛ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። እትዬ ዓረፍተ ነገር ሲከብዳት ድምፅ አውጥታ ታነበዋለች፤ ሐሳቡ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ይነካካሉ። ቃሏን ከአየር ላይ እንደ ዘር የምትለቅም ይመስላል። ደግማ አነበበች፣ ጣቶቿ ደግመው ተነካኩ። እኔ ለመጫን የመረጥኩት ምልክት እርሱ ራሱ ነው! የመረጥኩትም ተፈጥሯዊ ስለሆነ፣ ማንም ሳይማረው ስለሚያደርገው ነበር። ማንም ሳይማረው የሚያደርገው ግን ቀድሞውኑ ሥራ ስላለው ነው። እነዚያ ሁለት ጣቶች እኔ ከመምጣቴ ከዓመታት በፊት ለሐሳቧ ተቀጥረው ነበር። እኔ ከባለቤታቸው ሳልጠይቅ ወስጄ ለኮምፒውተር ሰጠኋቸው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ጣቶቿ ተቀራርበው ሊነካኩ ሲሉ መሃል ላይ ስታቆማቸው አየሁ። እያሰበች ነበር፤ ሐሳቧን ከካሜራው ደበቀችው።

ይህ አዲስ ችግር አለመሆኑንም ተረዳሁ። ተመራማሪው ሮበርት ጄከብ በ1990 በዓይን እይታ ኮምፒውተርን ስለማዘዝ ሲጽፍ ይህንኑ «የሚዳስ ንክኪ» ብሎታል፤ የነካው ሁሉ ወርቅ ይሆን ዘንድ ተመኝቶ የሚበላው እንኳን ወርቅ እንደሆነበት ንጉሥ፣ ያየኸው ሁሉ ትእዛዝ ሲሆንብህ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ለእንዲህ ያለው አገልጋይ የቆየ አባባል አለን፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ሌላው ተመራማሪ ቢል በክስተን በዚያው ዓመት የጠቋሚ መሣሪያዎችን በሦስት ሁኔታ ከፍሎ አሳይቷል። አንደኛው መሣሪያው ጨርሶ የማይሰማበት ነው፣ ሁለተኛው እየተከተለ የሚጠብቅበት፣ ሦስተኛው ተጭኖ የሚጎትትበት። እኔ የደከምኩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነበር። መከተሉን አጠራሁት፣ መጫኑን አስተካከልኩት። የመጀመሪያውን፣ አለመስማትን፣ ጨርሶ አልሠራሁትም። አንድ መስመር ኮድ እንኳን አልነበረውም።

ዳግላስ ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ያሳየውን ማውስ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ዓይን ነው የማየው። ትልቁ ጸጋው ሲለቁት ዝም ማለቱ ነው። እጅህን ታነሣለህ፣ ጠቋሚው ባለበት ይቀራል፤ እጅህ ተመልሶ የአንተ ይሆናል። ካሜራ ግን የሚለቀቅ እጀታ የለውም። በፊቱ እስካለህ ድረስ ይዞሃል። እትዬ እጇን ብብቷ ስር ያስገባችው ለዚህ ነው፤ ሌላ የመልቀቂያ መንገድ አልሰጠኋትም ነበር።

ኪኔክትን የሠሩት ሰዎች ይህን አስበውበት ነበር፤ ተጠቃሚው መጀመሪያ እጁን አወዛውዞ እንዲጠራው አድርገዋል። ከእነርሱ 30 ዓመት ቀድሞ፣ በ1980፣ ሪቻርድ ቦልት ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሳየው «ያን እዚያ አድርገው» በሚል ስም የሚታወቀው ሥራም እጅን ብቻውን አልተወውም። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ወደ ትልቅ ስክሪን ያመለክታል፣ በአንደበቱ ያዝዛል። እጁ የቱ እና የት የሚለውን ይናገራል፤ ነገሩን የሚያስፈጽመው ግን ቃሉ ነው። ያለ ቃሉ እጁን እንዳሻው ቢያንቀሳቅስ ምንም አይሆንም። ይህን ሳነብ ትንሽ አረፍኩ። መፍትሔው እጅን ይበልጥ በመረዳት ላይ ሳይሆን እጅን ከሌላ ነገር ጋር በማጣመር ላይ ነው።

ከጠረጴዛው ስር ያለችው ቁልፍ

የትኛው ነገር? ድምፅ አይሆንም፤ እትዬ ድምፅዋን ለንባብ ትፈልገዋለች። የተዘረጋ መዳፍን አንድ ሴኮንድ አሳይቶ መቀስቀስን ሞከርን። ለመቀስቀስ ተስማማት፤ ማስተኛቱን ግን ትረሳዋለች፣ ቢያስታውሳትም ለአንዲት ማሻሻያ ሁለት ተጨማሪ ምልክት አሰልቺ ነው። ግራ እጇ ቁልፍ ይዞ እንዲቆይ ማድረግ ደግሞ ከቀኙ ያነሣነውን ሸክም ለግራው መስጠት ሆነ። እንዲህ አንድ በአንድ ስንቆጥር ሥራ ሳይዝ የተቀመጠ የአካል ክፍል አንድ ብቻ ቀረ፤ እግር።

ከተጣለ አሮጌ ኪቦርድ ላይ ቁልፎቹን ሁሉ ነቀልኩና ረጅሟን የክፍተት ቁልፍ ብቻ አስቀረሁ። ከጠረጴዛው ስር ወለሉ ላይ አጣበቅሁት። እትዬ በቀኝ እግሯ ጣቶች ስትጫናት ፕሮግራሙ እጇን ይሰማል፤ እግሯን ስታነሣ እጇ ከማንም ጋር ጉዳይ የለውም። ሙሉ ለውጡ ጥቂት መስመር ኮድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፤ አንድ አንቀጽ እየጎተተች ሳለ እግሯን ብታነሣ ምን ይሁን? መጀመሪያ አንቀጹ ባለበት እንዲወድቅ አድርጌ ነበር። በኋላ ለወጥኩት፤ አሁን እግር ሲነሣ ያልተጨረሰው ትእዛዝ ይሰረዛል፣ አንቀጹም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሰው ሲደነግጥ እግሩን ያነሣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ምንም እንዳይሆን ነው የሚፈልገው።

ይህን ሳደርግ የተውኩት ሕልም አለ። ምንም ሳይነካ፣ ባዶ አየር ውስጥ እጁን አንቀሳቅሶ ኮምፒውተር የሚያዝ ሰው የማየት ሕልም ነበረኝ፤ ይህን ሥራ የጀመርኩት ግማሹ ለእትዬ፣ ግማሹ ለዚያ ሕልም ነው። ከጠረጴዛ ስር ያለች አሮጌ ቁልፍ ለዓይን አትማርክም። ነገር ግን ንክኪን ጨርሶ ማጥፋት ማንን ይጠቅማል ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣሁ። እትዬን የጎዳት መጨበጥ ነው። መንካት አልጎዳትም። እግሩን ማዘዝ ለማይችል ሰው ሌላ ማብሪያ ይፈለግለታል፤ ጉንጭ ይሁን፣ ጉልበት ይሁን፣ ከሁሉ ይልቅ ሥራ ያልያዘው የቱ እንደሆነ ባለቤቱ ይመርጣል።

ካሜራውንም ከስክሪኑ አናት አነሣሁት። እትዬ በጨዋታ መሃል «ሁልጊዜ ያየኛል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ምስሉ አይቀመጥም፣ ከኮምፒውተሩ አይወጣም፣ ነጥቦቹ ከተወሰዱ በኋላ ይጣላል ብዬ አስረዳኋት። አመነችኝ፤ አንገቷ ግን አላመነም፣ ካሜራው ፊት ስትቀመጥ ትንሽ ገተር ትላለች። አሁን ካሜራው ከጠረጴዛ መብራቷ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ጠረጴዛውን ብቻ ያያል። ፊቷ አይገባበትም። ክንዷ ሙሉ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፣ ትከሻዋም እፎይ ብሏል። መብራቱ እጇ ላይ ስለሚያርፍ ደግሞ ምስሉ ጠርቷል፤ ርካሽ ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው ለእያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድና የሚንቀሳቀስ እጅን ያደበዝዛል። አንድ ችግር ልፈታ ተነሥቼ ሦስት ተፈቱልኝ፤ እንዲህ ያለ ቀን በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ አያጋጥምም።

የእጇ ሕመም አልጠፋም። ቀን የሚብስበት አለ፣ ቀን የሚቀልበት አለ። ረጅም ጽሑፍ ስታርም አሁንም አልፎ አልፎ ማውሱን ታነሣለች፤ ለጥቃቅን ነገር ከካሜራው ይልቅ ፈጣን ነው፣ አልከራከራትም።

ባለፈው ሰሞን ማታ ወደ ክፍሏ ገባሁና የብስክሌቱን ታሪክ እንድትጨርስልኝ ጠየቅኋት። አባታችን ለምን እንደ ሳቀ ያን ምሽት ሳትነግረኝ ነበር የቀረችው። ፊቷ በራ። ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ በፊት ግን ዓይኗ ወደ መብራቱ፣ ወደ ካሜራው ሄደ። እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ሁለት ወር አልፎም እጇ ያንን ፍርሃት አልረሳም ነበር። ምንም አላልኩም። ከጠረጴዛው ስር እግሯ ከቁልፏ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። አንድ እጇን አነሣች፣ ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ልክ ከካሜራው ስር የብስክሌቱን መሪ ጨበጠችና ወደ ግራ ጠመዘዘችው። «ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ» አለች፣ «አባባ ከኋላ ኮርቻውን ለቀቀው።» በስክሪኑ ላይ ጠቋሚው ከድርብ ሰረዙ አጠገብ፣ ትታው በሄደችበት ቦታ ቆሞ ነበር።